በዚህ ሰሞን የማደምጣቸው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አልበሞች

ካለፈው ክረምት መውጫ ጀምሮ ከሌላው ሙዚቃ ሁሉ አብልጬ የማደምጠው መነኩሴና ፒያኖ ተጫዋች የነበሩትን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሥራዎች ነው። ደጋግሜ የምሰማቸው ሦስት አልበሞች ናቸው። የመጀመሪያው ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በሚያወጣው «ኢትዮፒክስ» በተባለ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ሥራ ውስጥ 21ኛ ቁጥር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የፒያኖ ሲዲ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው «ኢየሩሳሌም»፣ ሦስተኛው ደግሞ ሚሲሲፒ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. በ2024 ያሳተመው «ሱቬኒርስ» ነው። በዚህ በመጨረሻው ላይ እማሆይ ፒያኖ ብቻ አይጫወቱም፤ በአማርኛ ይዘምራሉ። ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ለዓመታት በውጭው ዓለም እንደ ማረጋጊያ ሙዚቃ፣ ሰው ሥራ እየሠራ ወይም እየተጨዋወተ ከጀርባ የሚከፍተው ነገር ተደርጎ ሲወሰድ የኖረው ፒያኖ፣ ቃል ሲጨመርበት ምን ሲናገር እንደ ነበር ግልጽ ሆኖ ይሰማል፤ ያንንም ያለ አስተርጓሚ ለመስማት የታደለው አማርኛ የሚያውቀው አድማጭ ነው።

«ሱቬኒርስ» በስቱዲዮ የተቀረጸ አይደለም። እማሆይ መዝሙሮቹን የቀረጿቸው እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት፣ አዲስ አበባ በነበረው የቤተሰባቸው ቤት፣ በተራ የካሴት ቴፕ ነው። ዘመኑን ያልደረስንበት ሰዎች እንኳ ከወላጆቻችን አፍ በቂ ሰምተናል፤ ቀይ ሽብር ከተማዋን ያስጨነቀበት፣ ማታ በር ሲንኳኳ ቤተሰብ ሁሉ የሚደነግጥበት፣ ሰው ስለ አገሩ የሚያስበውን ለጎረቤቱ ለመናገር የሚፈራበት ጊዜ ነበር። በዚያ ጊዜ አንዲት መነኩሴ ፒያኖአቸው ፊት ተቀምጠው፣ ቴፑን በራሳቸው እጅ ከፍተው፣ ስለ አገር፣ ስለ ደመና፣ ስለ መለየት ይዘምሩ ነበር። የቴፑ ቁልፍ ሲጫን የሚሰማው ድምፅ፣ የመቀመጫው ሲጢጥ ማለት፣ ከመስኮቱ ውጭ ያሉት ወፎች ሁሉ በቀረጻው ላይ አሉ። አሳታሚዎቹ እነዚህን ድምፆች አጽድተው አለማጥፋታቸው ተገቢ ውሳኔ ነው እላለሁ። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ክፍሉ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ፣ ፒያኖው ከቴፑ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ዘማሪዋ ከቃል ወደ ቃል ሲሻገሩ የት እንደሚተነፍሱ ሁሉ ይታወቃል፤ ይህን ያህል ቅርበት በደኅና መሣሪያ የተቀረጸ አልበም ላይ እምብዛም አላጋጠመኝም።

ድምፃቸው በመድረክ የሠለጠነ የዘፋኝ ድምፅ አይደለም። ቀጭንና ዝግ ያለ ነው፤ ከፍ ባለው የዜማው ክፍል ላይ ጥቂት ይንቀጠቀጣል፤ በረጅሙ ስንኝ መጨረሻ ላይም ትንፋሽ ያጥረዋል። ሆኖም ስንኙን የሚጥሉበት ቦታ ምንጊዜም ትክክል ነው። ፒያኖው ድምፁን ከኋላ ሆኖ አያጅበውም፤ ቀኝ እጃቸው የሚጫወተው ዜማና አፋቸው የሚያወጣው ዜማ እጅግ የተቀራረቡ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን የሚመራበትን ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ድምፃቸው በሚያርፍበት ጊዜ ጣቶቻቸው ያንኑ ሐረግ ያንቆረቁሩታል፤ እንደገና ሲጀምሩም ያቆሙበትን ስሜት ሳይለቁ ነው። አንድ ሰው ለራሱ ሲያንጎራጉር የሚሰማ ይመስላል፤ እንጉርጉሮ ደግሞ በእኛ ዘንድ ለሰው ሊነገር የማይቻለው ብሶት የሚወጣበት መንገድ እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል።

ከአልበሙ አብልጬ የምወደው ባለህበት አገር ፀሐይ ነው ወይስ ደመና ብሎ የሚጠይቀው መዝሙር ነው። በመዝሙሩ ውስጥ ከደመናው ማዶ ቢመለከቱም የአገራቸውን ሰማይ ማየት እንደ ተሳናቸው ይናገሩና፣ በእውኑ ይህን ያህል ርቄ ሄጃለሁን ብለው ይጠይቃሉ። እማሆይ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በዚያው የኖሩት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ስለሆነ፣ ይህን የመሰለውን ናፍቆት ገና አገራቸው ሳሉ ያዜሙት መሆኑን ሳስብ እገረማለሁ። አገር ውስጥ ተቀምጦ አገር የሚናፈቅበት ጊዜ እንዳለ ያለፉት ዓመታት ለብዙዎቻችን አስተምረውናል። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በቤይሩት ሆኖ ወደ ቤተሰቡ ስልክ የሚደውል ሰው ከጤና ጥያቄ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ዝናቡ እንዴት ነው?» ብሎ ነው፤ መዝሙሩም የሚጠይቀው ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም። ስለዚህም ነው ቃሉ ቀላል ሆኖ ሳለ እንዲህ የሚከብደው።

የመስከረምን ፀሐይ የሚያነሣው መዝሙር ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ሦስት ወር ሙሉ ጭጋግና ጭቃ የሰለቸው ሰው ሰማዩ ሲጠራለት የሚሰማውን ደስታ ለሚያውቅ አድማጭ ርእሱ ብቻውን ብዙ ይነግረዋል፤ ዜማው ግን ዐደይ አበባ ይዘው እንደሚጨፍሩት ልጆች የሚፈነድቅ አይደለም። ደስታውን በዝግታና በጥንቃቄ ያቀርበዋል፤ ተስፋ ያደረገው ነገር ሳይመጣ ብዙ ጊዜ የቀረበት ሰው እንደሚደሰተው ነው የሚደሰተው። አገርን አለመርሳትን የሚመክረው መዝሙር ግን እንደ ሌሎቹ አልያዘኝም፤ ምክሩ ቀጥተኛ ስለሆነ ለሐሳብ የሚተወው ቦታ ጠባብ ነው።

ለብቻው ሊነሣ የሚገባው «ተንኩ» የሚለው ሥራ ነው። ይህ ዜማ በ2006ቱ ሲዲ ላይ ያለ ቃል በፒያኖ ብቻ አለ፤ ብዙዎቻችንም ለዓመታት የምናውቀው በዚያ መልኩ ነበር። በ«ሱቬኒርስ» ላይ ግን ቃል አለው፤ ያዘነን ሰው በስሙ ጠርቶ ማዘን ለምን ያስፈልጋል እያለ ያጽናናል። ሁለቱን አከታትሎ የሚሰማ ሰው በፒያኖው ብቸኛ ጨዋታ ላይ ያለ ምክንያት የሚመስሉት ማቆሚያዎች በእርግጥ የቃል ቦታዎች እንደ ነበሩ ያስተውላል። ጣታቸው የሚዘገይበት ቦታ ስም የሚጠራበት ነው፤ ዜማው ወደ ላይ የሚነሣበትም ጥያቄው የሚጠየቅበት ነው። ይህን ካስተዋልሁ በኋላ ሌሎቹንም የፒያኖ ሥራዎች በሌላ ጆሮ መስማት ጀመርሁ፤ ቃላቸውን ባላውቅም ከእያንዳንዱ ሐረግ ሥር አንድ የሚነገር ነገር እንዳለ አምናለሁ።

ይህ ጨዋታ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ሕይወታቸውን በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1923 አዲስ አበባ ሲወለዱ ስማቸው የውብዳር ነበር፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው በአዳሪ ትምህርት ቤት ሲማሩ ቫዮሊን ጀመሩ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረች ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ኢጣሊያ ውስጥ ወዳለው አሲናራ ደሴት በግዞት ተወሰዱ። ከነጻነት በኋላም ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች ከተባለው ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ በየቀኑ ለረጅም ሰዓታት ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ወደ እንግሊዝ ሄደው ትምህርታቸውን የመቀጠል ዕድል አግኝተው ሳለ ፈቃድ በተከለከሉ ጊዜ ሐዘኑ እህል እስከ መተው አድርሷቸዋል። ከዚያም በወጣትነታቸው ቤታቸውን ጥለው ወሎ ወደሚገኘው ግሸን ማርያም ወጡ፤ መንኩሰውም በዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። በኋላ ጎንደር በነበሩበት ጊዜ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል፤ መጠለያ አጥተው ደጅ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች ያዩትም ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለችግረኞች መርጃ እንዲውል ያደረጉት ከዚህ የተነሣ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ውስጥ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ እንጂ ፒያኖ ቦታ የለውም። እማሆይም ፒያኖውን ወደ ቅዳሴ ለማስገባት አልሞከሩም። ያደረጉት ሌላ ነገር ነው፤ ከማሕሌት የሰሙትን የዜማ አካሄድ በሌላ መሣሪያ ለብቻቸው ሆነው መልሰው አሰቡት። የውጭ ጸሐፊዎች ይህን ጨዋታ ከአውሮፓውያኑ የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲዎች ከሾፐንና ከኤሪክ ሳቲ ጋር ሲያነጻጽሩት፣ አንዳንዶቹም ብሉዝ ሲሉት ይነበባል። ንጽጽሩ ከአውሮፓ ትምህርታቸው አንጻር ውሸት አይደለም፤ ሆኖም ለእኛ ጆሮ መጀመሪያ የሚደርሰው ትዝታ ቅኝት ነው፤ ከእርሱም ጋር አንዱን የዜማ ድምፅ ሳይቸኩሉ እየሰበሩና እያጠፉ የሚያስረዝሙት የደብተራዎች አዜያዜም አብሮ ይመጣል። ቀኝ እጃቸው አንድ ድምፅ ላይ ከማረፉ በፊት በዙሪያው ባሉት ድምፆች ላይ በፍጥነት የሚያንሸራትተው አልፎ አልፎ ሳይሆን ሁልጊዜ ነው፤ ይህን በሜትሮኖም፣ ማለትም በምት መቁጠሪያ መሣሪያ፣ የሚቆጠር ምት ሊይዘው አይችልም።

የ«ኢትዮፒክስ» 21ኛ ቁጥር 16 ሥራዎችን የያዘ ሲሆን የተሰበሰቡትም ከተለያዩ ዘመናት ቀረጻዎች ነው። በዚህ ምክንያት የድምፁ ጥራት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ የፒያኖው ቃና አንዳንዴ ደረቅና ቀጭን፣ አንዳንዴ ደግሞ ሰፋ ያለ ይሆናል። በመጀመሪያው ሥራ፣ ቤት አልባውን ተንከራታች በሚያስታውሰው ላይ፣ መጀመር ለአዲስ አድማጭ ጥሩ ነው። ግራ እጅ ጥቂት ድምፆችን ብቻ እየጣለ፣ ቀኝ እጅ ወደ ፊት ይሄድና ይመለሳል፤ የት እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው አካሄድ አይደለም። ስለ እናት ፍቅር የተደረሰው ሥራ ከሁሉም የሚቀልና የሚያባብል ነው፤ ልጅ ላላቸው ወዳጆቼ መጀመሪያ የምልከውም እርሱን ነው። «ጎልጎታ»ን ግን በሰሙነ ሕማማት ካልሆነ በቀር ብዙ ጊዜ አልከፍተውም፤ ክብደቱ ሌላ ሥራ አያሠራም። ስለ ዓባይ የተደረሰውን የሰማ ሰው የውኃውን ፏፏቴ ከጠበቀ ቅር ሊለው ይችላል፤ እኔ የምሰማው ከጣና ወጥቶ ገና ጸጥ ብሎ የሚሄደውን ዓባይ ነው።

ሲዲውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ቁጭታ መስማትን አልመክርም። ሥራዎቹ በፍጥነታቸውና በቅኝታቸው የሚቀራረቡ ስለሆኑ ከስምንተኛው ወይም ከዘጠነኛው በኋላ ጆሮ ይደክምና ልዩነታቸውን መያዝ ያቆማል፤ ያን ጊዜ ነው ሙዚቃው ሳይፈልግ ወደ ጀርባ ድምፅነት የሚለወጠው። አራት አራቱን እየከፈሉ መስማት እጅግ የተሻለ ነው። በተከታታዩ ውስጥ ከሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝና ከማሕሙድ አሕመድ የባንድ ሥራዎች ጎን መቀመጡም አንዳንድ ሰው ተመሳሳይ ነገር እንዲጠብቅ ሊያደርገው ይችላል። እነዚያ የአዲስ አበባ የሌሊት ሕይወት ያስገኛቸው፣ ሰው እንዲጨፍርባቸው የተሠሩ ሥራዎች ናቸው፤ ይህኛው ከነርሱ ጋር ዘመን እንጂ ቦታ አይጋራም።

«ኢየሩሳሌም» የተባለው አልበም ለሽያጭ የቀረበው እማሆይ እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ካረፉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ለዓመታት በኖሩበት በኢትዮጵያውያን ገዳም ውስጥ ፒያኖአቸው ከአልጋቸው እምብዛም በማይርቅበት ክፍል ይጫወቱ ነበር፤ አልበሙም ቀድሞ የታተመና ለማግኘት አስቸጋሪ የነበረ ሥራን ከቆዩ የካሴት ቀረጻዎች ጋር አንድ ላይ ያደርጋል። ከሦስቱ መካከል አንድነት የሚጎድለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በፈረንሳይኛ የሚዘምሩበት ስለተቆጣ ባሕር የሚናገር ሥራ ከሌሎቹ ጎን ሲቀመጥ እንግዳ ይሆናል፤ ራሱን ችሎ ግን ደስ ይላል። አልበሙን እንድይዘው ያደረገኝ በርእሱ እ.ኤ.አ. የ1974ቱን የረሃብ ዕልቂት የሚያነሣው ሥራ ነው። ረሃቡ የጠናው በወሎ እንደ ነበር፣ እማሆይም የወጣትነታቸውን ዐሥር ዓመት ያሳለፉት በዚያው በወሎ ምድር እንደ ሆነ ሲታሰብ፣ ፒያኖው ስለማያውቀው ሕዝብ እያዘነ እንዳልሆነ ይገባናል። ጩኸት የለበትም፤ ግራ እጅ ዝቅ ባሉት ድምፆች ላይ ደጋግሞ ይወርዳል፤ ቀኝ እጅ የጀመረውን ሐረግ ሳይጨርስ ይተወዋል፤ እንደገና ይጀምረዋል።

አሁን ስለ አቀራረቡ። «ሱቬኒርስ» በሸክላም በኢንተርኔት በሚሸጥ የድምፅ ፋይልም ይገኛል። የሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ሸክላውን ቢገዛ አይቆጭም፤ የካሴቱ ሽውታ በሸክላ ሲወጣ ለስለስ ይላል፤ ገጹን ለማዞር መነሣት ግድ መሆኑም ከላይ የጠቀስሁትን የጆሮ ድካም ይከላከላል። በስልክ ድምፅ ማውጫ መስማትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የግራ እጁ ዝቅ ያሉ ድምፆች ፈጽመው ስለሚጠፉ የሚቀረው የዜማው ቅርፊት ብቻ ነው። ተራ የጆሮ ማዳመጫ እንኳ ከዚያ በእጅጉ ይሻላል። በቀረጻው ውስጥ ደግሞ አንዳንድ ቃል በፒያኖው ድምፅ ይዋጣል፤ በተለይ ስለ ሐሳብ ጎዳና በሚጠይቀው መዝሙር ላይ የስንኞቹን መጨረሻ ለመያዝ ደጋግሞ ማድመጥ ያስፈልጋል። ይህ የአሳታሚዎቹ ጥፋት አይደለም፤ ከአንድ የቆየ ካሴት ከዚህ በላይ ማውጣት የሚቻል አይመስለኝም።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ሙዚቃ በሚደመጥባቸው የኢንተርኔት አገልግሎቶች ላይ የሥራዎቹ ርእስ የሚታየኝ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ነው፤ አማርኛ ብቻ የሚያነቡ እናቶቻችንና አባቶቻችን በራሳቸው ፈልገው ሊያገኟቸው አይችሉም። ለአንዲት በዕድሜ ለገፉ ዘመዴ መዝሙሮቹን ስከፍትላቸው እስከ መጨረሻው ሳይናገሩ ከሰሙ በኋላ «እኒህን የመሰሉ ሰው ነበሩን?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እማሆይን ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወጣቶች አስቀድመው ማወቅ የሚገባቸው እርሳቸውና እርሳቸውን የመሰሉ ናቸው፤ የመዝሙሮቹ ርእስ በፊደላችን ቢጻፍ ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ለመግዛት የሚያስብ አማርኛ ተናጋሪ «ሱቬኒርስ»ን ይግዛ። ሁለት መግዛት የሚችል የ2006ቱን ሲዲ ይጨምርበት፤ በመጀመሪያ ግን «ተንኩ»ን ከነቃሉ ሰምቶ፣ ከዚያ ያለ ቃል የተጫወቱትን ያድምጥ። «ኢየሩሳሌም»ን ሁለቱን በሚገባ ለለመደ ሰው አቆየዋለሁ። ለስጦታ ለሚፈልግ፣ በተለይ ከአገር ርቆ ለሚኖር ዘመድ ለመላክ ላሰበ ሰው፣ ምርጫው አሁንም «ሱቬኒርስ» ነው፤ ተቀባዩ የሸክላ ማጫወቻ ከሌለው ፋይሉን ገዝቶ መላክ ይቻላል፤ የመዝሙሮቹን ርእስ በአማርኛ ጽፎ አብሮ መላክ ግን የላኪው ሥራ ነው።